ዓባይን ተሻግሮ፣ ጉናን ወጥቶ

ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር ስንት ነው ብለው ቢጠይቁ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሉዎታል። እውነት ነው፤ ለመንገደኛ ግን ብዙም አይረባውም። ሹፌር ርቀት ሲጠየቅ የሚመልሰው በሰዓት ነው፤ እሱንም ጭጋግ ከሌለ፣ ጎርፍ ካልመጣ፣ መንገዱ ካልተዘጋ እያለ ነው። ደቡብ ጎንደርን አቋርጦ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ወልድያ ለመሄድ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት መንገደኛን የሚይዙትን ቦታዎች ነው፤ ወንዙን፣ ረግረጉን፣ ተራራውን፣ ገደሉን። በመካከላቸው ያለው መንገድ እንደ ነገሩ ያልፋል።

ቀዳሚው ዓባይ ነው። ጎጃምንና በጌምድርን ለዘመናት የለየው እሱ ነው፤ ክረምት ሲገባ ነጋዴውም ጦረኛውም ውኃው እስኪጎድል ይጠብቅ ነበር። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ተሠራ። ከዚያ ወርዶ ሞጣንና እስቴን የሚያገናኘው ደግሞ የአፄ ፋሲለደስ ዘመን ሥራ ነው ይባላል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት መካከለኛው ቅስት ተሰብሮ ሰባራ ድልድይ ተብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የሚገርም ነው። ሕዝቡ ገበያውንም ለቅሶውንም አልተወም፤ በክፍተቱ ላይ ገመድ ተዘርግቶ፣ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ ማዶ የቆሙ ጎበዞች እየሳቡ ያሻግሩት ነበር። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በ2001 እ.ኤ.አ. በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ያየ ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ኮንትራክተር ድልድዩን ለመጠገን ተነሣ፤ በዚያው ሰበብ ያቋቋመው ድርጅት ዛሬ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድይ ይሠራል። ጥገናው ቆይቶ በጎርፍ ስለተወሰደ ከፍ ብሎ የሚንጠለጠል ድልድይ ተተካ። በእግር ለሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ የታሪክ መሻገሪያ አላውቅም። መኪና ግን አይሻገርበትም።

ባለመኪናው ዓባይን ሁለት ጊዜ ያገኘዋል። ከአዲስ አበባ ሲመጣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን በረሃ ወርዶ፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን 303 ሜትር የሕዳሴ ድልድይ ያልፋል። ቁልቁለቱ ፍሬን ያግላል፤ ዳገቱ ሞተር ይፈትናል፤ ከባድ መኪና ከፊት ካለ ደግሞ ትዕግሥት ነው። ሁለተኛው ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል፤ ከስድሳ ዓመት በላይ ያገለገለውን ጠባብ ድልድይ ከጭንቀቱ ገላግሎታል።

ጣናን በውኃ ማቋረጥስ? ከፈረንሳይ ካሌ ወደ እንግሊዝ ዶቨር የሚሄድ ሰው መኪናውን መርከብ ሆድ ውስጥ ነድቶ ያስገባና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ በወዲያ ማዶ ይነዳል፤ ካሻውም ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከባሕሩ በታች በተከፈተው 50 ኪሎ ሜትር ዋሻ መኪናውን በባቡር ያሳልፋል። የጣና ጀልባዎች ሰውና ጓዝ እንጂ መኪና አያሻግሩም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዘጌ፣ በደቅ ደሴትና በቁንዝላ በኩል ጎርጎራ የሚደርሰው የቆየ የጀልባ መስመር መንገድ ላይ የሚያሳድር፣ ለጥድፊያ ሳይሆን ለዕይታ የሚመረጥ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ፪ የተባለችው ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ ስትመጣ ያየ ሰው ነገሩ ተገልብጦበታል፤ እዚህ አገር መኪና በጀልባ ሳይሆን ጀልባ በመኪና ተጭና ተራራ አቋረጠች። ስለዚህ ባለመኪናው ሐይቁን በምሥራቅ ዳርቻው መዞር ነው።

ዳርቻው ፎገራ ነው። ሜዳው ሩዝና የታወቁት የፎገራ ከብቶች ያሉበት ነው፤ ሁለቱም ውኃ ይወዳሉ፣ ውኃውም አይጠፋም። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ በሐምሌና በነሐሴ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ወረታ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ ቀጥታው በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር፣ የቀኙ ደብረ ታቦር። የከተማዋ ደረቅ ወደብ ስላለ ተሳቢዎች ይበዛሉ፤ በጠዋት ማለፍ ይመረጣል።

ከወረታ ደብረ ታቦር አርባ ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ በዚያች ርቀት ግን ዘጠኝ መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ባሕር ዳር በሸሚዝ የዋለ ሰው ማታ ጋቢ ይፈልጋል። በራስ ጉግሳ ዘመን ተቆርቁራ የየጁ መሳፍንት፣ ኋላም የአፄ ቴዎድሮስና የአፄ ዮሐንስ መቀመጫ ሆናለች። መድፍ የተሠራበት ጋፋት ቅርብ ነው፤ እሱን ሳያዩ ማለፍ ያሳዝናል። ነሐሴ 13 ቀን የቡሄ በዓል፣ ጥር 25 ቀን ደግሞ በመርቆሬዎስ የፈረስ ጉግስ አለ። በእነዚህ ቀናት ማደሪያ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

ከደብረ ታቦር በኋላ ያለውን የአካባቢው ሰው የቻይና መንገድ ይለዋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1971 እ.ኤ.አ. ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘ እርዳታ የተጀመረው የወረታ ወልድያ መንገድ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በደርግ ዘመን ነው የተፈጸመው። ከ4,100 ሜትር በላይ የሆነውን ጉናን በትከሻው ታክኮ፣ በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ አልፎ ጨጨሆ ገደል ላይ ይወጣል። ክረምት ላይ ጭጋጉ ከፊት ያለውን መኪና ይሰውራል፤ በረዶውም አስፋልቱን ያነጣዋል።

ቻይናዎቹ ከመምጣታቸው ከመቶ ዓመት በፊት ግን በዚህ አቅጣጫ መንገድ ያስጠረገ ሌላ ሰው ነበር። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፋቸውን በሠረገላ አስጎትተው ወደ መቅደላ ተነሡ። ድንጋይ እየፈለጡ፣ ገደል እየናዱ፣ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር እየደከሙ በጨጨሆ፣ በዋድላና በደላንታ አልፈው፣ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆ ወርደው ወጥተው በመጋቢት ደረሱ፤ ስድስት ወር ገደማ። በዚያው ጊዜ ሊወጋቸው የዘመተው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ፣ ባቡር ሐዲድ ዘርግቶ፣ ከሕንድ ያመጣቸውን 44 ዝሆኖች አስከትሎ ከሰሜን ይመጣ ነበር። እንግሊዙ ስንቅና በጀት ነበረው፤ ንጉሡ ክንድ ብቻ። በመንገድ ሥራ ብቻ ቢመዘኑ እኔ ለቴዎድሮስ እፈርዳለሁ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ ነው።

ጨጨሆን የወጣ ሰው ሰሜን ወሎ ገባ። ጋሸና ላይ ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ላሊበላ ያደርሳል፤ ከገና በፊት ባለው ሳምንት በእግረኛ ምእመን ስለሚሞላ ቀስ ብሎ መንዳት ግድ ነው።

የቀረው ጸጥታው ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫንና የጉናን ግርጌ ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ ሳይታሰብ ይዘጋል፤ ትናንት ክፍት የነበረው ዛሬ ላይሆን ይችላል። ካርታም ሆነ የአምናው መንገደኛ ወሬ ለዚህ አይበቃም። መናኸሪያ ሄዶ ከወዲያ በኩል ዛሬ የገቡትን ሾፌሮች መጠየቅ፣ ነዳጅ በተገኘበት መሙላት፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መነሣት፣ ሳይመሽ ደብረ ታቦር ወይም ነፋስ መውጫ ገብቶ ማደር፤ ወሬው ካላማረ ደግሞ ባሕር ዳር አንድ ቀን መቆየት።