ጥቁሩ ጠግቦ፣ ቀዩ ተርቦ? ስለ ቁይ አፈር የሚባለውና እውነታው

የእኩል የሚያርስ ገበሬ አዲስ ማሳ ሲያይ መጀመሪያ ቀለሙን ያያል። ጥቁር ከሆነ ፊቱ ይፈካል፤ ቀይ ከሆነ ያንገራግራል። በምሥራቅ ጎጃም፣ በደባይ ጥላትግን ወረዳ በቁይ ዙሪያ፣ ሁለቱም አለ፤ ወደ ጮቄ በሚወጣው ተዳፋት ቀዩ፣ ወደ ብቸና በሚወርደው ሜዳ ጥቁሩ መረሬ ይበዛል። ቀለም ማየቱ አይከፋም። ግን ቀለም የሚናገረው ስለ ውኃ ነው፤ አፈሩ መጥገቡን ወይም መራቡን አይናገርም።

«ጥቁሩና ቀዩ ዘራቸው ሌላ ነው»

አይደለም፤ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ጮቄ ከ20 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የተፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ሁለቱም አፈር የተገኘው ከዚሁ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ተዳፋቱ ላይ ዝናቡ አልፎ ሲሄድ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስዳል፤ የሚቀረው ብረት እንደ ሜዳ ላይ ሚስማር ይዝጋል። ቅላቱ ዝገት ነው። የታጠበው ደግሞ ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ተጠራቅሞ ያንን ተለጣፊ ሸክላ ይሠራል።

«መረሬ ቅባት አለው፤ ማዳበሪያ አይሻም»

ብዙዎቻችንን ያሳተው ይህ ነው። የመረሬ ጥቁረት የብስባሽ ብዛት ምልክት አይደለም፤ ጥቂት ብስባሽ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ያጠቆረው ነው። ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ብዙ ጊዜ ያጥረዋል። ቢያጥረው ምን ይገርማል? ገለባው ለከብት፣ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ለምድጃ፤ ወደ ማሳው የሚመለስ የለም።

መረሬ ሀብታም የሆነው በካልሲየምና ውኃ በመያዝ ነው። ዝናቡ ከወጣ በኋላ ሽምብራና ጓያ አንድ ጠብታ ሳይጨመርላቸው የሚያፈሩት በዚሁ እርጥበት ነው። በበጋ እግር እስኪያስገባ ሲሰነጠቅም ሞተ ማለት አይደለም፤ የላይኛው አፈር በስንጥቁ እየወደቀ ወደ ታች ይገባል፤ ክረምት ሲመጣ ያብጣል፤ ማሳው በራሱ ይገለባበጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለው አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን ይገመታል፤ 7.6 ሚሊዮኑ ደጋና ወይና ደጋ ላይ ነው።

የመረሬ ችግር በሐምሌ የሚመጣው መስጠም ነው። ውኃ ሲተኛበት ሥር አየር ያጣል። ዩሪያውም ይጎዳል፤ ናይትሮጂኑ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይበናል። ሜዳማ መረሬ ላይ ዩሪያን በዘር ወቅት በአንዴ የሚበትን ሰው ገንዘቡን ለሰማይ ሰጠ እላለሁ። ከፍሎ፣ ከፊሉን ሰብሉ ካቆጠቆጠና ውኃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ መስጠት ይሻላል።

«ጤፍ ጭቃ ይወዳል»

ይችላል እንጂ አይወድም። ስንዴው ቢጫ በሚሆንበት ጭቃ ላይ ጤፍ ቆሞ ስለሚቀር ሥራው ለእሱ ተሰጠ። ዋጋውን የሚከፍለው መሬቱ ነው፤ ደጋግሞ ታርሶ የለሰለሰ ማሳ ዘር ሳይለብስ የክረምቱን ኃይለኛ ዝናብ ራቁቱን ይቀበላል። ጭቃውን ለጤፍ ከመተው ሌላ መላ አለ፤ ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ፣ ሰዎች በእጃቸው ሰፊ መደብ እየሠሩ ውኃውን በመሐል ያስወጣሉ። ተመራማሪዎችም በ1970ዎቹ መጨረሻ ሁለት ማረሻ አገናኝተው በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠሩ፤ ቢቢኤም የሚባለው ነው። ውኃው ቶሎ ከወጣ ስንዴ ቀድሞ ይዘራል።

እኛ ዘንድ ያለው ፈሰስ፣ በማረሻ የሚወጣው የውኃ ማስወገጃ ቦይ፣ ነው። ጥሩ ነው፤ ቁልቁል ቀጥ ብሎ ከወጣ ግን የታችኛው ጎረቤት ማሳ ላይ ቦረቦር ይከፍታል።

(በነገራችን ላይ፣ «አፈራችንን ዓባይ ለግብፅ አጓዘው» የሚለው እንጉርጉሮ ጊዜው አልፏል። ከአስዋን ግድብ ወዲህ ደለሉ የግብፅ ማሳ ሳይደርስ ከግድቡ ኋላ ባለው ሐይቅ ውስጥ ነው የሚተኛው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የራሳችን ግድብ ደግሞ ከጮቄ የታጠበውን አብዛኛውን ጉባ ላይ ያስቀረዋል። የቁይ አፈር አሁን የሚሞላው የራሳችንን ሐይቅ ነው።)

«ማዳበሪያ አፈሩን ሱስ አስያዘው»

ግማሽ እውነት አለበት። እንደ ዩሪያና ዳፕ ያለ ማዳበሪያ ለዓመታት ሲደጋገም አፈሩን በእርግጥ ያኮመጥጣል። ዋናው አኮምጣጭ ግን ዝናብ ነው፤ ከዚያም ሰብሉ ከነገለባው መነሣቱ። የኮመጠጠ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥርን ያሳጥራል፤ ፎስፈረሱንም አስሮ ይይዘዋል። ገበሬው ጨምሮ ይበትናል፤ አፈሩ ጨምሮ ያስራል። «ሱስ» የተባለው ይኸው ነው። ጮቄ ከፍታ ላይ ገብሱ እየከዳ እንግዶና ድንች ማሳውን የያዙት አለምክንያት አይደለም፤ ሁለቱም ኮምጣጣ ይችላሉ። በአገሪቱ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ እንደሆነ ይነገራል።

ለረጅም ዓመታት የማዳበሪያ ምክሩ ለሁሉም አንድ ነበር፦ በሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ፣ ለቀይም ለጥቁርም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የአገሪቱ የአፈር ካርታ ሥራ ሲጀመር ነው «እስቲ አፈሩን እንጠይቀው» የተባለው፤ ኤንፒኤስም ከዚያ በኋላ ዳፕን ተካ።

«ኖራ ነጭ ማዳበሪያ ነው»

ኖራ አይመግብም፤ ኮምጣጣነቱን ያበርዳል፤ የታሰረውን ፎስፈረስ ይፈታል። የበሃ ድንጋዩ ሩቅ አይደለም፣ ደጀን ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ አለ። የሚከብደው ጭነቱ ነው፤ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው በቶን ይቆጠራል። ሜዳው መረሬ ግን ብዙ ጊዜ ካልሲየም የጠገበ ነው፤ ጎረቤት ስላደረገ ብቻ እዚያ ላይ ኖራ መድፋት ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ኖራ ከመግዛትዎ በፊት አፈርዎን ያስመርምሩ። ከማሳው አሥር አሥራ አምስት ቦታ፣ ከአጥር ሥር፣ ከዛፍ ጥላና እበት ከተከመረበት ርቀው፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይቆፍሩ፤ ቀላቅለው አንድ ኪሎ ያህሉን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይስጡ። ቀይና ጥቁሩን በአንድ ከረጢት አያድርጉ። ኖራው ከዘር አንድ ወር አስቀድሞ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበትና፣ ናሙናውን በበጋ ይውሰዱ።