ውሃ ከመከፈቱ በፊት

«አቦ አታካብዳ! እጠባት አልኩህ እንጂ አግባት መቼ አልኩህ!»

ይህን ያለኝ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ባለው የመኪና እጥበታችን በር ላይ ቁልፉን ወርውሮልኝ ሊሄድ የተቻኮለ ደንበኛ ነው። እኔ ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ኮሮላውን እየዞርኩ፣ እያጎነበስኩ፣ አንዳንዴም በጣቴ እየዳበስኩ ነበር። ድሬዎች በ«አንቱ» ብዙ አንጨናነቅም፤ የሚሰማንንም ሆድ ውስጥ አናሳድርም። አልተቀየምኩትም። ቁልፉን ግን አልተቀበልኩትም። «አንድ ዙር አብረኸኝ ዙርና ትሄዳለህ» አልኩት። እየሳቀ ዞረ።

እንዲህ ዓይነት ሰው የሆንኩት በአንድ ቪትዝ ምክንያት ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን ርክክብ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ባለመኪናው ቁልፍ ይሰጣል፣ ልጆቹ ያጥባሉ፣ ሂሳብ ይከፈላል፣ በቃ። ለሠርግ አጀብ የምትወጣ ጥቁር ሰማያዊ ቪትዝ አቧራ ለብሳ መጣች፤ ታጥባ ስትጨርስ በግራ የኋላ በሯ ላይ ክንድ የሚያህል ጭረት ብቅ አለ። ባለቤቱ «ስሰጥህ አልነበረም» አለ፤ እኔ «ነበረ» አልኩ። ሁለታችንም ማስረጃ አልነበረንም፤ ሁለታችንም የምናወራው እውነት ይመስለናል። የቀለም ቀቢውን ሂሳብ ከፈልኩ። ማን እንደጫራት እስከ ዛሬ አላውቅም። ከአጣቢዎቼ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ወር ሙሉ አቧራ ሸፍኖት የኖረ የቆየ ጭረትም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም የተቃጠለ ሰው ቅጽ አዘጋጀሁ። የመኪና ሥዕል ያለበት፣ ጭረቱንና ስርጉዱን የምናከብበት፣ ባለመኪናው የሚፈርምበት ወረቀት። ችግሩ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። አላበቃም። የድሬን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ውሃ ሳይሆን አሸዋ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ያ ሁሉ ደቃቅ ነገር መኪና ላይ ያርፋል። በአቧራ ላይ የተሞላ ቅጽ የአቧራውን ሁኔታ እንጂ የቀለሙን ሁኔታ አይመሰክርም። ደንበኛው «ጭረት የለም» ብሎ ፈርሞ ይሄዳል፤ ሲመለስ ጭረት ያያል፤ አሁን ደግሞ በእጁ የኔው ማኅተም ያለበት ወረቀት አለ!

ስለዚህ መጀመሪያ አቧራውን በውሃ አውርደን ከዚያ እንይ አልኩ። ይሄም ግማሽ መፍትሔ ሆነ። ውሃ ደግሞ ሌላ ሸፋኝ መሆኑን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ጥልቁን ጭረትና ስርጉዱን ያወጣል፤ ደቃቁን ጭረት ግን ገብቶ ይሞላውና ቀለሙ መስታወት ይመስላል። እርጥብ መኪና ሁሉ ቆንጆ ነው። ሲደርቅ ነው ፀጉር የመሰሉት መስመሮች አንድ በአንድ የሚወጡት። በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ጠርጎ ማየትማ ከሁሉ የባሰ ነው፤ አሸዋውን ቀለሙ ላይ እየጎተቱ፣ ሊመዘግቡት የመጡትን ጭረት በገዛ እጅ መሥራት ነው።

አሁን የምናደርገው ይሄ ነው። ሳሙና ሳይነካው የመኪናውን አቧራ በውሃ ብቻ እናወርዳለን፣ በኮምፕሬሰር አየር ውሃውን እናባርራለን፣ ከዚያ ከባለቤቱ ጋር እንዞራለን። ሩብ ሰዓት አይሞላም። ቆመን ፊት ለፊት አናይም፤ ከፓራፋንጎው ጫፍ አጎንብሰን በጎን እንመለከታለን፣ ብርሃኑ በላሜራው ላይ ሲንሸራተት የሚሰበርበት ቦታ ላይ ስርጉድ አለ ማለት ነው። ለዚህ የጠዋት ፀሐይ ትመቻለች፤ የቀትር ፀሐይ ከላይ ስለምትወርድ ስርጉዱን ትደብቀዋለች። ጭረት ስናገኝ በጥፍር እንዳብሳለን። ጥፍር ከያዘው ፖሊሽ አያጠፋውም፣ ለደንበኛውም እዚያው እንነግረዋለን። ስቱኮ የተጠረጠረበት ቦታ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት እናስጠጋለን፤ ላሜራ ላይ ትጣበቃለች፣ ወፍራም ስቱኮ ላይ ትወድቃለች። ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ አንቴና፣ ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ። ሞተሩን አስነስተን ደግሞ የዳሽቦርዱን መብራቶችና ኪሎ ሜትሩን በስልክ ፎቶ እናነሳለን። ይህቺ ፎቶ ብቻዋን ስንት ጠብ እንዳበረደች! ከእጥበት በኋላ «ይቺ ቢጫ መብራት አልነበረችም» የማይል ሰው የለም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለቀለም ነው። ሞተር ጋ ስትደርሱ ነገሩ ይገለበጣል።

ቀለም የሚነበበው ሲጸዳ ነው፤ ሞተር የሚነበበው እንደቆሸሸ ነው። ዘይት የሚያስወጣ ሞተር አቧራ ይጠራል፣ ከሌላው ቦታ የጠቆረና የረጠበ መንገድ ይሠራል። ያንን መንገድ በዓይን ሽቅብ ተከትሎ የሚሄድ ሰው ጋስኬቱን ወይም የላላውን ቡሎን ያገኛል። የራዲያተር ውሃ የሚያንጠባጥብም ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ትቶ ይሄዳል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ እጥበት ይጠፋል። ስለዚህ ኮፈን ሲከፈት ውሃ ሳይሆን ስልክ ነው የሚቀድመው፤ ፎቶ እናነሳለን፣ ዘይት ያለበትን ቦታ እንጽፋለን፣ ዲናሞውንና የኤሌክትሪክ ሳጥኖቹን በላስቲክ እንሸፍናለን፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ እንጠብቃለን። በናፍጣ ወይም በላምባ የማጠቡን ልማድ እኔ ትቼዋለሁ። ያንጸባርቃል፣ እውነት ነው፤ የጎማ ቱቦዎቹን ግን ቀስ እያለ ያለሰልሳቸዋል፣ ያበላሻቸዋል።

ፔጆ 404 የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ባለታክሲ ደንበኛ አሉኝ። (እሳቸውን «አንቱ» እላለሁ፤ ለመኪናቸው ዕድሜ ጭምር።) ውጪውን፣ ወንበሩን፣ ምንጣፉን ያሳጥባሉ። ኮፈኑን ግን አያስነኩም። «የሞተሩ እድፍ ደብተሬ ነው፤ ደብተሬን አትጠብብኝ» ይሉኛል።

ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ሰው ግን ቦሎ ሊወስድ ሲል የሚያስበው ስለ ፍሬን ሳይሆን ስለ እጥበት ነው። «ከሥር አጽዳልኝ፣ ዘይት እንዳይታይ» ይላል። አጥባለሁ፣ ሥራዬ ነው። ግን የፍሬን ቱቦው ላይ እርጥበት ካየሁ ዝም አልልም። ፍሬን በዚህች ከተማ ቀልድ አይደለም፤ ወደ ሐረር ስትወጣ የደንገጎ ዳገት፣ ስትመለስም ደንገጎ ነው።

ከሥር ማየት ሲነሳ የጅቡቲ መኪኖች አሉ። ድሬዳዋን የፈጠራት የጅቡቲ መስመር ነው፤ ባቡሩ በ1895 እዚህ ደርሶ ባይቆም ከተማዋም ባልኖረች። ዛሬ በደወሌ በኩል የሚመጣው ከባድ መኪና ከወደቡ ዕቃ ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ የባሕሩን ጨውም በሻንሲው ይዞ ይመጣል። ከላይ ሲያዩት አቧራ ብቻ ነው። ጨው ግን እርጥበት እየጠራ ብረቱን ይበላል፤ በተለይ የሻንሲው መጋጠሚያና የጭቃ መከላከያው ውስጥ ተሸሽጎ ይቀመጣል። እነዚህን በርክክብ ጊዜ በመዶሻ እጀታ ቀስ እያልን እንመታቸዋለን። ጤናማ ብረት ይጮኻል፤ የተበላ ብረት የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ከእጥበት በኋላ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ቅርፊት ረግፎ ቀዳዳ ቢታይ የኛ ውሃ አልቀደደውም፤ ግን ቀድመን ካልጻፍነው ማን ያምነናል?

ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የጫት ገረባው፣ የኦቾሎኒ ቅርፊቱ፣ ወንበር ሥር የወደቀው ሳንቲም ሁሉ ይመዘገባል፤ ሳንቲሙ በፖስታ ይመለሳል፣ ገረባው አይመለስም። አንድ ነገር ብቻ ያሳዝነኛል። ምንጣፍ ሲነሳ እንደ ዱቄት የላመ ደለል፣ የወንበር ቡሎኖች ላይ ዝገት፣ የደህንነት ቀበቶው እስከ መጨረሻው ሲሳብ ደግሞ የጭቃ መስመር ካገኘሁ ያ መኪና ጎርፍ ገብቶበታል። ሐምሌ 1998 ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደባት ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ደለል ሲታይ ልጆቹም ሬዲዮውን ይቀንሳሉ።

ከእጥበት በኋላ ያለውን ፍተሻ ብዙዎች ይዘሉታል፤ ለኔ ግን ራሳችንን የምንከስበት ሰዓት ነው። የድሬ ውሃ ከከርሰ ምድር ይወጣል፣ ካልሲየሙ ብዙ ነው። ሻይ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ጥቁር መኪና ፀሐይ ላይ በራሱ እንዲደርቅ ከተተወ በየጠብታው ልክ ነጭ ነጥብ ይቀራል፣ ቶሎ ካልተነሳም ቀለሙን ይነክሳል። ስለዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ጥላ የሌለው ቦታ ላይ መኪና አናጥብም። ከ7 እስከ 10 ደግሞ ከተማው ራሱ ያርፋል፣ እኛም እናርፋለን።

ልጆቹ ቀለበት፣ ሰዓትና ቀበቶ አውልቀው ነው የሚገቡት። አፈር ላይ የወደቀ ስፖንጅ ወደ ባልዲ አይመለስም፤ አንድ ቀን ተመልሶ የአንድ ነጭ ላንድክሩዘር ኮፈን ላይ ክብ ክብ ጭረት ሥሎብናል። በቅጹ ላይ አልነበረም። ደንበኛው ገና ሳያይ ነገርኩት። ፖሊሹን በኔ ወጪ ሠራሁ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አደራ ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፣ ግን ቁልፍ ስቀበል የምቀበለው አደራ መሆኑን ለመረዳት ጠበቃ አላስፈለገኝም። ቅጹም የሚጠብቀው እኔን ብቻ አይደለም።

ባለፈው ሰሞን አንድ ደላላ ለሽያጭ የቀረበ ኮሮላ ይዞ መጣ። «ሞተሩን አንጸባርቅልኝ፣ ገዢ 10 ሰዓት ይመጣል።» እንደ ወትሮው ኮፈኑን ከፍቼ ፎቶ አነሳሁ፤ በሞተሩ የኋላ በኩል የወፈረ የዘይት መንገድ ነበር። አሳየሁት፣ ፈረመ፣ ታጠበ። ገዢው እዚያው ግቢያችን ድረስ መጥቶ የሚያብረቀርቀውን ሞተር ሲያይ ቆየና ወደኔ ዞሮ «ከመታጠቡ በፊት እንዴት ነበር?» አለኝ። ደላላው ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

ፎቶው የባለመኪናው ነው፤ ለማንም አላሳይም። ዋሽቼም አላውቅም። «ደንገጎን ወጥታችሁ ተመለሱ፣ ከዚያ ኮፈኑን እዚህ ክፈቱት» አልኩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ኮፈኑን የከፈተው ገዢው ነው። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አጎንብሰው አዩ፤ ከዚያ ደላላው «ጋስኬት ብቻ ነው አቦ፣ ዋጋውን እንቀንሳለን» ሲል ሰማሁት። ሂሳቤን ተቀብዬ የሚቀጥለውን ባጃጅ ልረከብ ሄድኩ።