ከርነሉ ሲለወጥ ድራይቨሩ ለምን ይቆማል?

እንደሚታወቀው ከመካከላችን ብዙዎቻችን ሥልጠናችንን ስንጨርስ ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ትምህርት ቤቶች እንሄዳለን። እዚያ በሊኑክስ የሚሠራ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይጠብቀን ይሆናል። አንድ ቀን ሲስተሙ ይታደሳል፤ በማግሥቱ ትናንት ደህና የነበረው የዋይፋይ መሣሪያ እምቢ ይላል። «በቃ፣ ተቃጥሏል!» ይባልና ዕቃ ቤት ይወረወራል። ታዲያ በእርግጥ ተቃጥሏልን?

ከርነል የሲስተሙ አስኳል ነው። ድራይቨር ደግሞ ከርነሉ ከአንድ መሣሪያ ጋር የሚነጋገርበት ክፍል ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረውን ሊኑክስን የሚያዘጋጁት ባለሙያዎች፣ እኛ የምንሠራባቸው ፕሮግራሞች በአዲሱ ከርነል እንዳይሰበሩ ይጠነቀቃሉ። በከርነሉና በድራይቨሩ መካከል ያለውን መጋጠሚያ ግን ሥራው ሲጠይቅ ይለውጡታል።

ለምሳሌ «አክሰስ ኦኬ» የሚባለው የከርነል ጥሪ ቀድሞ ሦስት ነገሮችን ይቀበል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 5.0 ሁለት ብቻ እንዲቀበል ተደረገ። ሦስት ሰጥቶ የሚጠራ አሮጌ ድራይቨር በአዲሱ ከርነል ላይ ኮምፓይል አይሆንም። ባለ እጁ የማረሻውን ቀዳዳ ጠበብ አድርጎ ቢሠራው ገበሬው የእርፉን ጫፍ ይጠርባል እንጂ እርፉን ለማገዶ አይሰጥም። የድራይቨር ጥገናም እንዲሁ ነው።

ጠራቢው ማነው? ድራይቨሩ ከከርነሉ ምንጭ ጋር ተጠቃሎ ከሆነ፣ ጥሪውን የለወጠው ባለሙያ እግረ መንገዱን ድራይቨሩንም ያርማል። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ በሺህ የሚቆጠሩ ኤክስኦ የተባሉ ትናንሽ ኮምፒውተሮች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ታድለው ነበር። የዋይፋያቸው ድራይቨር «ሊበርታስ» እ.ኤ.አ. በ2007 በ2.6.22 ከርነል ውስጥ በመግባቱ ከዚያ ወዲህ ከከርነሉ ጋር አብሮ ሲታረም ቆይቷል። ከውጭ የቀረ ድራይቨር ግን ባለቤቱ ራሱ ሊከታተለው ይገባል። «ከ5.0 በፊት ከሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያን» የሚል መለያ ጽፎ አሮጌውንም አዲሱንም በአንድ ምንጭ ይይዛል። ዲኬኤምኤስ የተባለው መሣሪያ አዲስ ከርነል ሲገባ ድራይቨሩን መልሶ ይገነባል፤ ያልታረመውን ምንጭ ግን አያርምም።

እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከማደሳችን በፊት «ዩኔም ጭረት አር» ብለን የከርነሉን ቁጥር በደብተር እንመዝግብ።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው እምቢ ሲል ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከሚመጣው ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል መርጠን እንሞክር። ከሠራ ዕቃው ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ድራይቨሩ ነው። ነገር ግን የደኅንነት እርማት ስለሚቀርብን በአሮጌው ላይ ለዘለቄታው አንቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ዋይፋዩ ከቆመ በኋላ ማውረድ ስለማይቻል፣ የአዲሱን ከርነል ሄደርና የድራይቨሩን ምንጭ አስቀድመን በፍላሽ እንያዝ።

እንግዲህ ነገ በትምህርት ቤታችን «ተቃጥሏል» የሚል ቃል ስንሰማ፣ ከመወርወራችን በፊት «ከርነሉ ስንት ነው?» ብለን እንጠይቅ። ይህች አንዲት ጥያቄ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ያለቻቸውን ብቸኛ ኮምፒውተር ልታተርፍላቸው ትችላለች።