የዚክሪ ባዮች ሐቅ

በጀጎል አዋች ዘንድ ከረቡው እየተመታ ዚክሪ ሲባል ሰሚው ከባዩ ጋር አብሮ ይቀመጣል። በስልክ ሲሆን ግን ባለድምፁ ይረሳል፤ ሌላው ቀድቶ በራሱ ዩቲዩብ ይለጥፈዋል። የማስታወቂያ ገንዘብ ከተገኘም የሚሄደው ወደ ባለቻናሉ ነው።

«ዚክሪ የአላህ ነው፣ ምን ሒሳብ አለው?» የሚሉ አሉ። ግጥሙን ከአባቶቻችን ወርሰናል፤ ቀረጻው ግን የሰው ልፋት ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኙን መብት ያስጠብቃል። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም በ1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ ነው ብሏል።

እንግዲህ የባዩን የራሱን ቻናል ጠይቀን እንክፈት፤ በቴሌግራምም የተቀዳውን ሳይሆን ሊንኩን እንላክ። ለሠርግ ስንጠራው ደግሞ የድካሙን ዋጋ አስቀድመን እንነጋገር፤ ከስልኩ ሳንቲም ይልቅ ቤቱን የሚደግፈው እሱ ነው።