አባት ለቤቱ እንግዳ እንዳይሆን

“አባት በቤት ውስጥ ሥራው ምንድን ነው?” ተብለን ብንጠየቅ የብዙዎቻችን መልስ አንድ ነው። ሠርቶ ያመጣል፣ ያበላል፣ ያለብሳል፣ ያስተምራል እንላለን። መልሱ ስሕተት የለበትም። ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ የቤት ኪራይና ቀለብ ችሎ ወርን ከወር ማድረስ ምን ያህል ትግል እንደሆነ ከእናንተ ከሠራተኛ እናቶች የበለጠ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ልጅ በእንጀራ ብቻ አያድግም። ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ገብቶ፣ ጠዋት ልጁ ሳይነሣ የሚወጣ አባት ቤቱን በላቡ ቢያቆመውም፣ በዚያው ቤት እንግዳ የሚሆንበት ቀን ይመጣል።

በዚህ ጉዳይ ላይ እንድንወያይ በዛሬው ጽሑፋችን አንድ ወጣት አባት እናስተዋውቃችኋለን። ዕድሜው 29 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት የማሽን ሠራተኛ ነው። ባለቤቱ በአንድ መደብር ገንዘብ ተቀባይ ናት። ጀሞ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። የ14 ወር ሴት ልጅ አለቻቸው። ባልና ሚስቱ ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም። “የእኛ ታሪክ የጎረቤታችንም ታሪክ ነው፤ ስም ምን ይሠራል?” ይላሉ።

ሦስቱ ቀናት

ልጅቱ ስትወለድ ወጣቱ ከመሥሪያ ቤቱ ያገኘው ፈቃድ ሦስት ቀን ነበር። ይህ የአሠሪው ክፋት አይደለም፤ ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ለአባት የሚፈቅደው ግን ሦስት ተከታታይ ቀናት ብቻ ነው።

“ሦስቱ ቀን እንዴት እንዳለፈ አላውቅም” ይላል ወጣቱ። “አንዱ ሆስፒታል አለቀ። አንዱ ለገንፎው እህልና ቅቤ ስፈልግ መሸ። ሦስተኛውን ደግሞ ‘እንኳን ማርያም ማረችሽ’ ለማለት የመጣውን ዘመድ ሳስተናግድ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን ማሽኔ ላይ ቆሜ ‘ልጄ ማንን ትመስላለች?’ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልኳ አልመጣልኝም።”

የባለቤቱ እናት ከደብረ ብርሃን መጥተው አራሷን ሁለት ወር ከተንከባከቡ በኋላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ዘጠናው ቀን ሲያልቅ እናቲቱ ሥራ መግባት ነበረባት። ሕፃኗን ማን ይያዝ? በቀድሞዎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ይህ ጥያቄ ብዙ አያስጨንቅም ነበር። አንድ አጥር ውስጥ አያት አለች፣ አክስት አለች፣ ካልሆነም ልጁን “አምጪው” የምትል ጎረቤት አትጠፋም። ኮንዶሚኒየም ግን የሚገኘው በዕጣ ስለሆነ አብሮ የኖረው ሰው ተበታትኗል። ደረጃ ላይ በየቀኑ እየተላለፉ ስም የማይተዋወቁ ጎረቤቶች ብዙዎች ናቸው። ባልና ሚስቱ ዕድለኞች ሆነው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ አንዲት እናት አገኙ። “እትዬ” እያሉ ይጠሯቸዋል። በወር ክፍያ ሕፃኗን ቀኑን ሙሉ ሊይዙላቸው ተስማሙ።

ይህን ክፍያ ለመሸፈን ወጣቱ የትርፍ ሰዓት ሥራ ያዘ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ከቤቱ ይወጣል፤ ማታ 3 ሰዓት ይመለሳል። ሲወጣም ሲገባም ልጁ ተኝታለች።

“ከእቅፌ ሸሸች”

ልጅቱ ስምንት ወር ሲሞላት በአንድ እሑድ እናቲቱ ለቅሶ ልትደርስ ወጣች። አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ሕፃኗ ከእንቅልፏ ስትነቃ ያየችው ፊት የእናቷ አልነበረም፤ አለቀሰች። አቀፋት፣ ባሰባት። አጥሚቱን ሰጣት፣ በእጇ መታችው። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ሁለት ፎቅ ይዟት ወርዶ የእትዬን በር አንኳኳ። ሕፃኗ እጆቿን ዘርግታ ወደ እሳቸው ሄደች፤ ደረታቸው ላይ ተለጥፋ ዝም አለች።

“እትዬ ሳቁ። ‘ልጅ የሚያውቀው የያዘውን ነው፣ አትቀየም’ አሉኝ። አልተቀየምኩም። ግን ደረጃውን ባዶ እጄን ስወጣ እግሬ ከበደኝ። ይህን ሁሉ ትርፍ ሰዓት የምሠራው ለማን ነው? ስሙን አባት ይዤ ሥራውን ለሌላ ሰው እየከፈልኩ ነው አልኩ።”

ወጣቱ በዚያን ዕለት የገዛ አባቱ ትዝ አሉት። አባትየው የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ከሄዱ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ይቆያሉ። ሲመለሱ ተምር ይዘው ይመጣሉ። ልጆቹ ተምሩን ተቀብለው ወደ ጓሮ ይሮጣሉ፤ እሳቸውም ደክሟቸው ይተኛሉ። “አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። እኛን ያስተማረን ያ መኪና ነው። ነገር ግን እስከ ዛሬ ከእሱ ጋር ለብቻችን ስንቀመጥ የምናወራው ይጠፋናል። ‘መንገዱ እንዴት ነው?’ እለዋለሁ፤ ‘ሥራ እንዴት ነው?’ ይለኛል፤ በዚያው ያልቃል። ልጄና እኔ ከሃያ ዓመት በኋላ እንዲህ እንድንሆን አልፈለግሁም።”

ፈረቃ መለወጥ

በሳምንቱ ወጣቱ አለቃውን አነጋግሮ ወደ ከሰዓት በኋላው ፈረቃ ተዛወረ። አሁን ሥራው ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ማታው 5 ሰዓት ነው። ሚስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ስትወጣ ልጅቱን የሚረከበው እሱ ነው። እስከ 8 ሰዓት ያቆያትና ለእትዬ ሰጥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። እናቲቱ 12 ሰዓት ላይ ስትመለስ ትወስዳታለች።

ይህ ለውጥ በነፃ አልተገኘም። የትርፍ ሰዓቱ ገንዘብ ቀረ። ለእትዬ የሚከፈለው በግማሽ ቢቀንስም ጉድለቱን አልሸፈነም። ሙሉ ዕጣ ይጥሉበት የነበረውን ዕቁብ ወደ ግማሽ ዕጣ አወረዱት። ሥጋ ለበዓል ሆነ። ለቴሌቪዥን መግዣ የተጠራቀመችውም ገንዘብ ለኪራይ ወጣች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ እሱም የሚያደርገውን አያውቅም። ቀስ በቀስ ግን ተግባቡ። ገንፎው ሲቀጥን እንደምትተፋው፣ ከመተኛቷ በፊት ጆሮዋን እንደምታሻሽ፣ የቧንቧ ውሃ ሲፈስ ስትሰማ ልቅሶዋን እንደምትተው ተማረ። ዘጠኝ ወር ሲሞላት የኩፍኝ ክትባቷን ያስከተባት እሱ ነው። በጤና ጣቢያው ወረፋ ውስጥ ወንድ እሱ ብቻ ነበር። አጠገቡ የተቀመጡ አንዲት እናት አይተው አይተው “ውይ፣ እናቷ ምን ሆና ነው?” ብለው በሐዘኔታ ጠየቁት። “ሥራ ላይ ናት፣ ደኅና ናት” አላቸው። ልጅ የያዘ አባት ሲታይ እናት የሞተች የሚመስለን ለምንድን ነው?

ደብተሩ

ሆኖም አንዱ ሲሞላ ሌላው ጎደለ። አሁን ደግሞ ባልና ሚስት ተጠፋፉ። እሱ በሰርቪስ እኩለ ሌሊት ሲደርስ እሷ ተኝታለች። ጠዋት ልብስ እየለበሰች “ሳሉ አልለቀቃትም፤ መድኃኒቱ መስኮቱ ላይ ነው” ትላለች፤ በሩ ይዘጋል። ነገር እንዳይረሳ አንድ የተማሪ ደብተር ገዝተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። “4 ሰዓት ገንፎ፣ 6 ሰዓት ተኛች፣ ሁለተኛ ጥርስ ብቅ ብሏል።” ለወራት ትዳራቸው እንዲህ ባለ ጽሑፍ ቆየ።

አንድ ሌሊት ወጣቱ ደብተሩን ሲከፍት ስለ ልጅቱ ከተጻፈው በታች አንድ መስመር አገኘ። “አንተስ በላህ?” ይላል።

“ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ልጃችንን እየተቀባበልን እኛ ተረስተን ነበር። ራቴ ምጣዱ ላይ ተከድኖ ነበር። በልቼ ‘በላሁ፤ አንቺስ አረፍሽ?’ ብዬ ጻፍኩላት።” ከዚያ ወዲህ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል። ሁለቱም ስልካቸውን ቁም ሳጥን ላይ ያስቀምጣሉ። እትዬም ይጠራሉ። እስከ ሦስተኛው ድረስ ማንም ስልክ አያነሣም።

“መስተፋቅር ቀምሷል”

ወሬ ግን አልቀረላቸውም። ወጣቱ በረንዳ ላይ የሕፃኗን ጨርቅ ሲያሰጣ ያዩ “መስተፋቅር ቀምሷል” አሉ። የራሱ እናት ለጥየቃ መጥተው ልጅቱን ሲያጥብ ሲያገኙት “እኔ ቆሜ?” ብለው ከእጁ ነጠቁት። “ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት” የሚለውም ተረት ተተረተ።

ባለቤቱ ደግሞ ሌላ ትዝብት አላት። “እኔ ስምንት ወር ጨርቅ ሳጥብ ያየኝ የለም። እሱ አንድ ቀን ቢያሰጣ የሕንፃው መነጋገሪያ ሆነ። ግማሹ ይሰድበዋል፣ ግማሹ ‘ታድለሽ’ ይለኛል። ልጁን መያዝ ለእኔ ግዴታ፣ ለእሱ ግን ውለታ የሆነው ለምንድን ነው?”

ጥያቄዋ ሥር አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ፣ ሚስትን ታዛዥ ያደርግ ነበር፤ ባል አገልጋይ ሊቀጥርላት ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራም ያስገድዳት ነበር። ይህን የለወጠው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 ነው። በዚህ ሕግ ባልና ሚስት በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል መብት አላቸው፤ ልጆቻቸውንም ተባብረው ማሳደግ ይገባቸዋል። ሕጉ በወረቀት ከተለወጠ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ጓዳችን ግን ገና በአሮጌው ሕግ ይተዳደራል።

እኛስ ምን እናድርግ?

ሁሉም አባት ፈረቃ መለወጥ አይችልም። ሁሉም ቤት የትርፍ ሰዓት ገንዘብ ትቶ መኖር አይሆንለትም። ከዚህ ቤተሰብ ታሪክ ግን ለየቤታችን የሚበጁ ጥቂት ነገሮች እናገኛለን።

በመጀመሪያ፣ ለአባት ጊዜ ብቻ ሳይሆን የራሱ የሆነ ሥራ ይሰጠው። “አግዘኝ” ማለት ሥራው የእናት ነው ማለት ነው። ማታ ማጠብ ወይም እሑድ ጠዋት ቁርስ ማብላት የእሱ ይሁን። የክትባት ካርዱም በእሱ እጅ ቢሆን መልካም ነው። ሕፃን ከተወለደ በኋላ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ9ኛውና በ15ኛው ወር ክትባት እንዳለው አባትም ማስታወስ ይችላል።

ሁለተኛ፣ “ጡት የለው፣ ምን ይሠራል?” አንበል። ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውሃም ቢሆን እንዳይሰጠው የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ይሁንና ሥራ የገባች እናት ንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ አልባ የምታስቀምጠው ወተት ብዙ ሙቀት በሌለበት ክፍል እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ይህንን አባት በንጹሕ ኩባያ ማጠጣት ይችላል። ማስገሳት፣ ማስተኛት፣ ራቁት ደረት ላይ አድርጎ ማሞቅም ጡት አይጠይቅም።

ሦስተኛው ለእኛ ለእናቶች ነው። ባል ሕፃኑን ሲያነሣ “አያያዝህ ልክ አይደለም፣ አምጣው” ብለን ስንት ጊዜ ነጠቅን? ዳይፐሩን ቢያጣምመው፣ ልብሱን ገልብጦ ቢያለብሰው ልጁ አይጎዳም። እኛም ስንጀምር አናውቅም ነበር። እጁን ካልለመደ በየት በኩል ይለምዳል? አማቶችና እናቶችም ልጃቸው ልጁን ሲያጥብ ቢያዩ ይመርቁት እንጂ አይንጠቁት።

ዛሬ የወጣቱ ልጅ ቆማ መሄድ ጀምራለች። ቀን 8 ሰዓት ላይ ለእትዬ ሊሰጣት ሲል ሸሚዙን ጨብጣ አልለቅም ትላለች። “ከሥራ የሚያስረፍደኝ ይህ ነው” ይላል፤ ቅሬታ ግን በፊቱ ላይ አይታይም።

ውድ አንባቢት፣ ዛሬ ማታ ባለቤትሽ ሲገባ ልጁ ገና ካልተኛ፣ ወጡን ለማማሰል ብለሽ አትቸኩዪ። ልጁን ስጪውና ወጡን ራሱ ልጁን ታቅፎ ይጠብቀው። ቢያለቅስበትም ጥቂት ታገሺው። ልጅ የሚያውቀው የያዘውን ነውና።