ስለ ዘር ማሞቅና ስለ ልክ

ልጆች ሆይ፤ በሐይቅና በአምባሰል ደጋ ገብስ ዛላውን ሲያወጣ፤ አንዳንዱ ዛላ በፍሬ ፈንታ ጥቁር ዱቄት ይዞ ይታያል። ይህ ደዌ አረማሞ ይባላል፤ የሻጋታ ወገን ነው። ነፋስ ዱቄቱን ወደ ጤነኛው ገብስ አበባ ይወስደዋል፤ በሚያፈራውም ቅንጣት ውስጥ ገብቶ ይሸሸጋል። ቅንጣቱ ከውጭ ሲያዩት ንጹሕ ነው፤ በተዘራ ጊዜ ግን ደዌው ከቡቃያው ጋራ ያድጋል። ስለዚህ ማጠብ ብቻ አያድነውም።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1880ዎቹ ዓመታት፤ የንስ ሉድቪግ የንሰን የሚባል የዴንማርክ ሰው ዘርን በሙቅ ውሃ ማዳን እንዲቻል አሳየ። ደዌው ሙቀትን የመቻል ኀይሉ ከዘሩ ያንሳልና። ሥራውም ገብሱን በቀዝቃዛ ውሃ 5 ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ፤ ቀጥሎ በ52 ዲግሪ ሙቅ ውሃ 10 ደቂቃ ያህል ማቈየት፤ ወዲያውም አቀዝቅዞ ማድረቅ ነው።

ሙቀቱ ቢጐድል ደዌው አይሞትም፤ ቢበዛ ግን ዘሩ ይሞታል። የተቈላ ገብስ ቆሎ ይሆናል እንጂ አይበቅልም። ስለዚህ በእጅ ዳስሶ መገመት አይበቃም፤ የሙቀት መለኪያ ያስፈልጋል። ደግሞም ሁሉን ከማሞቅ በፊት ጥቂቱን ሞክሮ፤ ከዚያው 100 ቅንጣት እንደ ብቅል በርጥብ ጨርቅ አኑሮ የበቀለውን መቍጠር ይገባል።

ዘር የመጪው ዓመት እንጀራ ነው። ደዌውን እናጠፋለን ስንል ዘሩን እንዳናጠፋ፤ ልክን እንወቅ።