የስፖርት ውድድር ከነጻ ቴሌቪዥን ወደ ባለ ክፍያ መስመር ስለ መዛወሩ



በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው ጉዳይ የእግር ኳስና የሌሎችም ጨዋታዎች ውድድር፥ ማንም ሰው ያለ ዋጋ ከሚያየው የአገር ቤት ቴሌቪዥን እየወጣ በኢንተርኔት አማካይነት በክፍያ ብቻ ወደሚታይበት መስመር የሚዛወርበት ምክንያትና ከዚህም የሚከተለው ውጤት ነው። ነገሩ የጨዋታ ወሬ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን የሕዝብ የሆነውንና የሻጭ የሆነውን የመለየት ጥያቄ በውስጡ ስላለበት፥ ውል በሚረቀቅበትና ደንብ በሚወጣበት መሥሪያ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በቀድሞው አሠራር ጣቢያው ለውድድሩ ባለቤት ገንዘብ ከፍሎ ጨዋታውን ያስተላልፋል፤ ተመልካቹ አንድ ሳንቲም አያወጣም፤ ጣቢያው ያወጣውን የሚተካው ከማስታወቂያ ነው። ሳሙና ወይም ቢራ የሚሸጠው ነጋዴ የሚገዛው የተመልካቹን ዓይን ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ሥርዓት ጨዋታውን አጥብቆ የሚወደው ሰውና ራቱን እየበላ በአጋጣሚ የሚመለከተው ሰው ዋጋቸው እኩል ነው። በክፍያ መስመር ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ለምሳሌ ያህል ከመቶ ተመልካች ዘጠናው ቢቀርና ዐሥሩ ብቻ ቢከፍል፥ ከፋዩ የሚሰጠው ገንዘብ ነጋዴው ለአንድ ዓይን ከሚሰጠው ከዐሥር እጥፍ በላይ እስከ ሆነ ድረስ ሻጩ አተረፈ እንጂ አልከሠረም። የቀሩት ዘጠና ሰዎች በሒሳብ መዝገቡ ላይ አይታዩም። ከእነርሱ መካከል ግን የነገው አፍቃሪና የነገው ተጫዋች ይገኝባቸዋል።

ይህ እንዴት እንደሚፈጸም በጉልህ የታየው በአሜሪካ የእግር ኳስ ሊግ፥ ማለት በሜጀር ሊግ ሶከር ነው። እስከ 2022 ድረስ ክለቦቹ በየከተማቸው ከሚገኙ ጣቢያዎች ጋራ የየራሳቸው ውል ነበራቸው፤ የከተማው ሕዝብም ድምፁን ለይቶ በሚያውቀው ተራኪ አፍ ጨዋታውን ይከታተል ነበር። በ1922 ወይም በ1952 እንደ ተጀመረ አሮጌ ልማድ ሳይሆን፥ ገና ሥር በመስደድ ላይ ያለ ልማድ ነበር። በሰኔ 2022 ሊጉ ከአፕል ኩባንያ ጋራ የዐሥር ዓመት ውል መፈራረሙ ተገለጠ፤ ዋጋውም በዓመት ቢያንስ 250 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሆን በጊዜው ተነገረ። ከ2023 ጀምሮ የከተማዎቹ ጣቢያዎች ውል ቀረ። ጨዋታዎቹ ሁሉ በአንድ የኢንተርኔት መስመር ተሰበሰቡ፤ ከጥቂቶቹ በቀርም የሚታዩት በወር 14.99 ዶላር ወይም በውድድር ዘመን 99 ዶላር ለሚከፍል ሰው ሆነ።

ስለ እውነት ለመናገር ጥቅሙ ትንሽ አይደለም። ቀድሞ ደጋፊው በክልል ገደብ ምክንያት የክለቡን ጨዋታ ሳያይ የሚቀርበት ጊዜ ነበር፤ አሁን ገደቡ ተነሥቶለታል። ሜሲ በ2023 ወደ ማያሚ በመጣ ጊዜም በሌላው ዓለም ያለው አድናቂ በአንድ መስመር ሊከታተለው ቻለ። ነገር ግን ለውጡ የጠቀመው ጨዋታውን አስቀድሞ የሚፈልገውን ሰው ነው። ስለ ጨዋታው ምንም የማያውቅ ሰው፥ ለማያውቀው ነገር ገንዘብ አይከፍልም። ሊጉና ኩባንያው በ2025 ባስታወቁት መሠረት ከ2026 ጀምሮ ልዩው ክፍያ ቀርቶ ጨዋታዎቹ በአፕል ተራ የቴሌቪዥን ክፍያ ውስጥ እንዲጠቃለሉ ተደርጓል። በእኛ አስተያየት፥ ደጃፉ ላይ ሰው የተጨናነቀበት ሻጭ እንዲህ ያለ እርምጃ አይወስድም።

በዚያው አገር ያለው ሌላው ትልቅ ሊግ፥ የአሜሪካን ፉትቦል የሚያጫውተው ኤንኤፍኤል፥ ብልኅነት ያለበት መንገድ ይዟል። እርሱም ጨዋታዎቹን ለክፍያ መስመር ይሸጣል። ይሁን እንጂ የሁለቱ ተጋጣሚዎች ከተማ ሕዝብ ጨዋታውን በነጻ ጣቢያ እንዲያይ ያደርጋል። በጥር 13 ቀን 2024 ካንሳስ ሲቲና ማያሚ የተጋጠሙበት የጥሎ ማለፍ ጨዋታ በፒኮክ መስመር ብቻ ሲተላለፍ ብዙ ሰው ተቆጥቶ ነበር፤ በሁለቱ ከተማዎች ግን ያለ ክፍያ ታይቷል። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ ስለ ነበረ፥ የካንሳስ ሲቲ ሰው በቤቱ ተቀምጦ በማየቱ የሚያዝን አይመስለንም። የቅርጫት ኳሱ ክለብ ፊኒክስ ሰንስ ደግሞ በ2023 ከባለ ክፍያው የኬብል ጣቢያ ወጥቶ ወደ ነጻ የአገር ቤት ጣቢያ ተመልሷል።

አሁን ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር፤ የመንግሥት ሚና በጉልህ የሚታየው በዚያ ነውና። እንግሊዞች በ1996 ባወጡት የብሮድካስት ሕግ መሠረት፥ እንደ ኦሎምፒክ፥ እንደ ዓለም ዋንጫና እንደ ኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ያሉት ውድድሮች በዝርዝር ተመዝግበው ይጠበቃሉ። እነዚህን በቀጥታ የማስተላለፍ መብት፥ ለሕዝብ ያለ ክፍያ ለሚደርስ ጣቢያ ሳይቀርብ ለባለ ክፍያ ጣቢያ ብቻ ሊሰጥ አይችልም። በ2024 የወጣው ሕግ ደግሞ የኢንተርኔት መስመሮችንም በዚህ ደንብ ሥር እንዲገቡ አድርጓል። ፕሪሚየር ሊግ በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ከ1992 ጀምሮም የቀጥታ ስርጭቱ በክፍያ ነው።

ከዝርዝሩ የላይኛው ክፍል መውጣት የሚያስከትለውን ለማየት የክሪኬትን ነገር መመልከት ይበቃል። ይህ በዱላና በትንሽ ኳስ የሚጫወቱት ጨዋታ በ1998 ከላይኛው ክፍል ወጣ። በ2005 እንግሊዝ አውስትራልያን ባሸነፈችበት ክረምት በነጻው ቻናል 4 የተመለከተው ሕዝብ በአንድ ወቅት እስከ 8.4 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ሆኖም መብቱ አስቀድሞ ለስካይ ተሸጦ ስለ ነበረ፥ በሚቀጥለው ዓመት ጨዋታው ወደ ክፍያ ዞረ። በ2009 ያው ድል ሲደገም ከፍተኛው የተመልካች ቁጥር ሁለት ሚሊዮን አልሞላም። የክሪኬቱ ማኅበር ገንዘቡ ለወጣቶች ማሠልጠኛ ጠቅሞናል ይላል፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ቢሆንም የ2019 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በደረሰ ጊዜ ስካይ ራሱ ጨዋታውን ለነጻ ጣቢያ አካፍሏል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2020 ከመልቲቾይስ ኩባንያ ጋራ የተፈራረመው የአምስት ዓመት ውል ከ22 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያወጣ ተነግሮ ነበር። ከማስተላለፍ መብት እምብዛም ገቢ ላልነበራቸው ክለቦች ይህ ታላቅ ነገር ነው። የእኛ ተመልካች በክፍያው ያልተገታው ግን በውሉ ቸርነት ሳይሆን በዲኤስቲቪ ቤቶች ምክንያት ነው። ባለቤቱ የወሩን ይከፍላል፤ ደንበኛው ጥቂት ብር ሰጥቶ ወይም ሻይ አዝዞ ይቀመጣል፤ የመሥሪያ ቤት ሹምና ሊስትሮ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ያያሉ። የኢንተርኔቱ መስመር ሥርዓት ግን ከዚህ የተለየ ነው። አገልግሎቱ በአብዛኛው የሚሸጠው ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ቤተ ሰብ መጠቀሚያ ብቻ ተብሎ ሲሆን፥ በአንድ ጊዜ የሚከፈተው የማያ ቁጥርም የተወሰነ ነው። የጨዋታው ዋጋ ከተከፈለ በኋላ ደግሞ የኢንተርኔቱ ፓኬጅ ሒሳብ ለብቻው አለ። አንድ ጨዋታ በጥሩ ጥራት ከታየ ብዙ ጊጋባይት ይወስዳል፤ ይህንንም የሚከፍለው የኢንተርኔቱ ባለቤት ሳይሆን ስልኩን የያዘው ሰው ነው።